የእናቴን ቁስል ያሳከከው ሙጫው ይሆን?

ከደብረ ብርሃን የደረሰኝ ጥያቄ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እማዬ የመንዝ ሰው ናት። አዲስ አበባ የእንቅርት ኦፕራሲዮን ተደረገላት። ቁስሏ በክር አልተሰፋም፣ በሙጫ ነው የተዘጋው። አሁን እኔ ቤት ናት። አንድ ሳምንት ሰላም ነበረች። በስምንተኛው ቀን ማሳከክ ጀመራት። ከዚያ ችፍ አለ፣ ውሃ ቋጠረ። ጎረቤት ምች ነው አለ። ፋርማሲ ደግሞ አመርቅዟል ብለው አንቲባዮቲክና የቁስል ቅባት ሰጡን። ዛሬ 11ኛ ቀኗ ነው። ሌሊት አትተኛም። አንድ ዘመዳችን ሙጫው ሬሳ የሚቀመጥበት ፎርማሊን አለው ብሎ አስደነገጠን። እኔ ጥፍርና ሽፋሽፍት እሠራለሁ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፣ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው ተብያለሁ። የእኔም ጣቶች ይሰነጣጠቃሉ። የእማዬ ነገር እኔም ላይ ይደርሳል?»

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ቀኑን ቆጥረሽ መጻፍሽ ብዙ ረድቶኛል። ቁስሉን በዓይኔ ሳላይ ይሄ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም። ግን የነገርሽኝ ነገር ከማመርቀዝ ይልቅ ወደ አለርጂ ያደላል። ምችም አይመስለኝም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። አንገታቸው እያበጠ ከሄደ፣ መተንፈስ ወይም መዋጥ ካስቸገራቸው፣ ትኩሳት ካላቸው፣ መግል ከወጣ ወይም ቁስሉ አፉን ከከፈተ ይህን ጽሑፍ ተይውና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃቸው። ፊታቸውና ከንፈራቸው ካበጠም እንደዚያው። ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ።

ይህ ከሌለ እስኪ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጠሽ ነጠላቸውን ገለጥ አድርጊና ተመልከቺ። ሙጫው እንደ ደረቀ የጥፍር ቀለም ያብረቀርቃል። አንዳንዱ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀለም አለው። ዳር ዳሩ መነሳት ጀምሮ ይሆናል። አሁን ውሃ የቋጠሩትን ነጠብጣቦች እዪ። ሙጫው በተቀባበት ልክ ተሰልፈው ነው? ከዚያም አልፈው ወደ ጎን ወጥተዋል? አለርጂ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ሙጫው የነካውን ቦታ ተከትሎ ይነሳና ድንበሩን አልፎ ይዛመታል።

ሁለተኛው ነገር ስሜቱ ነው። ያመረቀዘ ቁስል ያማል። ይጠዘጥዛል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት እጅ ያስመልሳል። አለርጂ ግን ያሳክካል። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ቦጭቀው ቢጥሉት ደስ የሚል ማሳከክ። እናትሽን ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው የትኛው እንደሆነ ጠይቂያቸው። «አመመሽ?» ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። የእኛ እናቶች ለሁለቱም «አዎ» ይላሉ።

ስለ ቀለሙም ልንገርሽ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጻሕፍቱ ቆዳው ቀይ ይሆናል ይላሉ። አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ እየታየ የተጻፉ ናቸው። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ሐምራዊ መስሎ ነው የሚታየው። ስለዚህ «አልቀላም፣ አለርጂ አይደለም» የሚልሽን አትስሚ።

ሙጫው ሲያኖአክሪሌት ይባላል። ከሱቅ የምንገዛው ሱፐር ግሉ የቅርብ ዘመዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃሪ ኩቨር የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ባለሙያ፣ ኮዳክ ኩባንያ ውስጥ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልግ ነው ያገኘው። የነካውን ሁሉ እየያዘ ስላስቸገረ ያን ጊዜ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1958 ግን እንደ ማጣበቂያ ለገበያ ቀረበ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ የቆሰሉ ወታደሮች ደም እንዲቆም ተረጭቷል። ዛሬ ቆዳ ለመዝጋት በሰፊው የሚሠራበት ኦክቲል ሲያኖአክሪሌት በአሜሪካ የተፈቀደው በ1998 ነው።

ብልቃጡ ውስጥ ፈሳሽ ነው። ቆዳ ላይ ያለችው ትንሽ እርጥበት ስትነካው እርስ በርሱ ይያያዝና በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ሲጠነክር ይሞቃል። አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ከላይኛው የሞተ ቆዳ ጋር ተቀርፎ ይወድቃል። ክር ለማስወጣት መመለስ የለም። ከመንዝ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሙጫ መጠቀሙ ጥፋት አይደለም። ለአብዛኛው ሰው ጥሩ ነገር ነው። በታተሙ ጥናቶች አለርጂ የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ይለያያል፣ ከመቶ ከአንድ በታች የሆነበት አለ፣ ጥቂት ሰዎች የሆኑበትም አለ። ሙጫው ቁስሉ ላይ ከሚነጠፍ ስስ መረብ ጋር አብሮ ሲለጠፍ ሰፋ ያለ ቆዳ ይሸፍናል፣ ብዙ ቀንም ይቆያል። እናትሽ የተደረገላቸው የመረቡ ዓይነት ከሆነ ጥርጣሬዬ ይበረታል።

አሁን ወደ ፎርማሊኑ። ዘመዳችሁ ያለው ባዶ ወሬ አይደለም። ፎርማሊን ማለት ፎርማልዲሃይድ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ነው። ሲያኖአክሪሌትም ሲፈራርስ ጥቂት ፎርማልዲሃይድ ይወጣዋል። ጉዳዩ መጠኑና ፍጥነቱ ነው። የሱቁ ሱፐር ግሉ ኢታይል ሲያኖአክሪሌት ነው። ሞለኪውሉ አጭር ጅራት ስላለው ቶሎ ይፈራርሳል። ቶሎ ሲፈራርስ ፎርማልዲሃይዱ በአንድ ጊዜ ይወጣና ሥጋን ይጎዳል። የሐኪም ቤቱ ቡቲልና ኦክቲል ጅራታቸው ረዘም ያለ ነው። ቀስ ብለው ነው የሚፈራርሱት፣ ሰውነት ደግሞ ጥቂቱን እያስወገደ ይሄዳል። በዚያ ላይ የሚቀባው ከላይ ነው፣ ቁስሉ ውስጥ አይገባም። የማንኛችንም ደም ቢሆን በተፈጥሮው በሊትር ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ገደማ ፎርማልዲሃይድ አለው። ሰውነት ራሱ ይሠራዋል፣ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ እናትሽ አልተመረዙም። ይህን በእርጋታ ንገሪያቸው። የፍርሃቱን ያህል እንቅልፍ የሚነሳ ነገር የለም።

መመረዝ ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው? የቆዳ ቂም ነው ብል ይቀለኛል። ቆዳችን ውስጥ እንግዳ ነገር የሚለዩ ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። አንድን ኬሚካል መጀመሪያ ሲያዩ ዝም ይላሉ። ግን መልኩን ይይዛሉ። ይህ ትምህርት ብዙውን ጊዜ ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። አንዴ ከያዙ በኋላ ያው ኬሚካል ሲመለስ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሱበታል። የቁስል ሙጫ ልዩ የሚሆነው ቆዳ ላይ ብዙ ቀን ስለሚቆይ ነው። ቆዳው ተምሮ ሲጨርስ አስተማሪው ገና አልሄደም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙጫ እንኳን በሁለተኛው ሳምንት አካባቢ አለርጂ ሊፈነዳ ይችላል። የእናትሽ ስምንተኛ ቀን ትንሽ ፈጠን ያለ ነው። ቆዳቸው ከዚህ በፊት የዚህን ዘመድ አይቶ ይሆናል። የተለጣፊ ጥፍር ማጣበቂያም ሲያኖአክሪሌት ነውና፣ ለሰርግ ወይም ለበዓል ብለሽ አርቴፊሻል ጥፍር ለጥፈሽላቸው ታውቂያለሽ? ብታደርጊም ጥፋት አይደለም፣ ለፍቅር ያደረግሽው ነው። ለሐኪሙ ግን ይጠቅማል።

ለረጅም ጊዜ እኛ ባለሙያዎችም ይህ ሙጫ አለርጂ አያመጣም እንል ነበር። ገና ከመድረቁ የላይኛውን የሞተ ቆዳ ስለሚይዝ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሕዋሳቱን አያገኝም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ብዙ ታካሚ ካየን በኋላ ነው ያረምነው። ዛሬም ስለዚህ አለርጂ ያልሰማ ባለሙያ ቢያጋጥምሽ አትቀየሚ። የፋርማሲ ባለሙያዋ አመርቅዟል ማለቷም ከዚህ የመጣ ነው። ውሃ የቋጠረ ቁስል አይቶ ማመርቀዝ ማሰብ የተለመደ ነው።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? በቅርብ ቀን፣ ቢቻል ነገ፣ ለሐኪም ይታዩ። የቀዶ ሕክምና ሐኪማቸው ቢያያቸው ይመረጣል፣ ካልሆነም እዚያው ደብረ ብርሃን። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያደርገው የቀረውን ሙጫ ማንሳት ነው። ሙጫው እያለ ቅባት ቢቀቡት እሳቱ ላይ እንጨት እየጨመሩ ውሃ እንደማፍሰስ ነው። በዚህ ጊዜ ቁስሉ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ገጥሟል። ግን አንቺ በጥፍርሽ አትላጪው። ቤት ያለሽን አሴቶንም እንዳትሞክሪ፣ የተቆጣ ቆዳ ላይ እንደ በርበሬ ነው የሚለበልበው። ሐኪም ቤት ቫዝሊን ተቀብቶ ለስለስ ካለ በኋላ ቀስ ተደርጎ ይነሳል።

ከዚያ ለተቆጣው ቆዳ ቁጣውን የሚያበርድ የስቴሮይድ ቅባት ይታዘዛል፣ ሞሜታሶን ወይም ቤታሜታሶን የመሰለ። ገና ያልገጠመ ቁስል ላይ ስቴሮይድ መዳንን ያዘገያል፣ ስለዚህ የት እንደሚቀባና ለስንት ቀን ሐኪሙ ይወስን። ለማሳከኩ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን ሊታዘዝ ይችላል። በጣም ከተዛመተ ለጥቂት ቀን ፕሬድኒሶሎን በአፍ ይሰጣል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ካላቸው ይህን አስቀድመሽ ንገሪ።

የፋርማሲውን ቅባት ይዘሽ ሂጂ። ቱቦው ላይ ኒዮማይሲን የሚል ካለ መቀባቱን አሁኑኑ አቁሚ። ኒዮማይሲን ራሱ የታወቀ የቆዳ አለርጂ አምጪ ነው። በተቆጣ ቆዳ ላይ ደግሞ ይብሳል። ቁስሉ ዙሪያ የለጠፋችሁት ፕላስተር ካለም አስቢበት። የአንዳንዱ ፕላስተር ማጣበቂያ ከጥድ ሙጫ የሚወጣ ኮሎፎኒ አለበት፣ እሱም ያስቆጣል። አንቲባዮቲኩን ይቀጥሉ ወይስ ያቁሙ የሚለውን ለሚያያቸው ሐኪም ተይለት።

ቤት ውስጥ የሚደረገውን ደግሞ አውቀዋለሁ። በእኛ ሰሜን ሸዋ ከኦፕራሲዮን የወጣች እናት አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ሳይደረግላት አትቀርም። ቅቤው ይቀልጥና በጆሮ ግንድ በኩል ወደ አንገት ይወርዳል። ቅባት ሙጫውን ያለ ጊዜው ያላቅቀዋል። አሁን ደግሞ የተቆጣው ቆዳ ላይ ቆሻሻ ይይዛል። ቆዳው እስኪድን ቅቤው ይቆይ። ፌጦ ወይም ነጭ ሽንኩርት እንዳታስነኪው፣ ነጭ ሽንኩርት ጤነኛ ቆዳ እንኳን ያቃጥላል። ጠበሉም ከአናት ሲፈስ አንገትን ያርሳል። ቆዳው እስኪደርቅ ከአንገት ላይ እንዳይፈስ የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ ይረዷችኋል።

ማተባቸውስ? ይህን ብዙ ሐኪም አይጠይቅም፣ እኔ ግን ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። የእንቅርት ቁስል የሚያርፈው ማተብ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ክሩ ቀን ሙሉ የተቆጣውን ቆዳ ይፈገፍገዋል፣ ላብም ይይዛል። አውልቁ ማለት ከብዶኝ ያውቃል። አንዲት እናት ራሳቸው መፍትሔውን ነገሩኝ፣ ለጊዜው ክንዳቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ለሌላውም ይህንኑ እመክራለሁ።

ሽፍታው ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። በእኛ ቆዳ ላይ ይህ ወራት ይቆያል። ጠባሳ አይደለም፣ እየደበዘዘ ይሄዳል። የደጋው ፀሐይ ግን ያጠቁረዋል። ብርድ ስለሆነ ፀሐይ የለም አይባልም፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ነጠላው አንገታቸውን ይሸፍን።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ይህ አለርጂ ከእናት ወደ ልጅ እንደ መልክ አይወርድም። የሚያሰጋኝ ሥራሽ ነው።

የሽፋሽፍት ሙጫ ሲያኖአክሪሌት ነው። የተለጣፊ ጥፍር ማጣበቂያም እንደዚያው። ጄሉ ደግሞ ሌላ ቤተሰብ ነው፣ ሜታክሪሌት ይባላል፣ ብዙው ውስጥ ሄማ የሚባለው አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ሄማ ያለበት የጥፍር ምርት በባለሙያ ብቻ እንዲሠራበት የወሰነው ሰው ቤቱ እየቀባ በአለርጂ ስለተቸገረ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች ሁልጊዜ አብረው አያስቆጡም። በጄል የተቆጣ ሰው የቁስል ሙጫ ላይስማማው ይችላል፣ ላያስቸግረውም ይችላል። አንቺ ግን ሁለቱንም በየቀኑ ትነኪያለሽ።

ጣቶችሽን እዪ። ስንጥቁ ጫፍ ጫፉ ላይ፣ በተለይ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ላይ ነው? ያሳክካል? ቅዳሜና እሑድ ስታርፊ ይሻልሽና ማክሰኞ ይመለሳል? የዓይንሽ ቆብ አልፎ አልፎ ያብጣል ወይም ይፈረፈራል? ይህ ሁሉ አዎ ከሆነ የደጋ ብርድ ብቻ አይደለም፣ የአክሪሌት ችፌ ይመስለኛል። የደብረ ብርሃን ብርድ ተረከዝ ይሰነጥቃል፣ ቆብ ግን አያሳብጥም። ስትሠሪ ዓይንሽ እያለቀሰ፣ አፍንጫሽ እየታፈነ፣ ደረትሽ ሲር ሲር የሚል ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከቆዳ አልፏል። የዚህ ሙጫ ትነት የሥራ አስም እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ነፍሰ ጡር ነሽና ይህን ለክትትል ሐኪምሽ ሳትነግሪ አትቆዪ።

ጓንት አደርጋለሁ ትይኝ ይሆናል። ስስ ጓንት ጄሉን ብዙ አያግድም፣ ሜታክሪሌቱ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፈዋል። ናይትራይል ጓንት ደርበሽ አድርጊ፣ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያልደረቀ ጄል ጣትሽን ጨርሶ እንዳይነካ ማድረግ ነው። አለርጂ የሚያመጣው ያልደረቀው ነው። መብራቱ ስር በደንብ ያልቆየ ጥፍርም ለደንበኛሽ እንደዚያው ነው። ብርድ ነው ብለሽ በርና መስኮት ዘግተሽ ሽፋሽፍት አትሥሪ። ሙጫው ጥጥ ወይም ሱፍ ላይ ሲፈስ እስኪያቃጥል ይግላል። ጭንሽ ላይ ቢፈስ ቀሚስሽን ቶሎ ከቆዳሽ አርቂው።

ስለ ሱፍ ካነሳሁ አንድ ሰው ትዝ አሉኝ። አንድ የመንዝ ገበሬ የተረከዛቸውን ስንጥቅ በሱቅ ሱፐር ግሉ ደፍነው፣ ሳይደርቅ የሱፍ ካልሲ አጠለቁበት። ሙጫው ሱፉ ውስጥ ገብቶ ጋለ። ወደ እኔ ሲመጡ ካልሲው ተረከዛቸው ላይ ነበር፣ ከሥሩ እንደ እሳት ቃጠሎ ውሃ ቋጥሯል። ግማሽ ቀን በቫዝሊን እያለሰለስን ነው ያላቀቅነው። «ሐኪም ቤትም በሙጫ ይሰፋ የለ?» አሉኝ፣ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የእናትሽን ሙጫ ያየ ጎረቤት ሁሉ ሱቅ ሄዶ እንዳይገዛ ልዩነቱን ንገሪያቸው።

አለርጂውን በእርግጥ የሚያሳይ ምርመራ አለ። ተጠርጣሪዎቹ ኬሚካሎች ጀርባ ላይ በትንንሽ ልጣፍ ለ48 ሰዓት ይቆያሉ። ሲነሱ አንዴ ይነበባሉ፣ ከዚያ በአራተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ። የትም የሚገኝ ምርመራ አይደለም። የቆዳ ስፔሻሊስት የት እንደሚሠራ ይነግራችኋል። ለእናትሽ አሁን አይሠራም፣ ቆዳቸው መጀመሪያ መብረድ አለበት። ለአንቺም ከወሊድ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። የሽፋሽፍቱን ሙጫ ክንድሽ ላይ ጠብ አድርገሽ ራስሽ እንዳትሞክሪ። ያላለመደውን ቆዳ ራሱ ሙከራው ሊያስተምረው ይችላል።

ምርመራው እስኪደርስ ሁለታችሁም ወረቀት ያስፈልጋችኋል። የቆዳ ቂም አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ነው። እናትሽ ነገ ሐርኒያ ወይም ሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ቢያስፈልጋቸው ሐኪሙ ይህን ማወቅ አለበት። ቀዶ ሕክምና የሠራላቸው ቦታ ሂጂና የተጠቀሙበትን ሙጫ ስም ጠይቂ፣ ሲያስወጧቸው በሰጡት ወረቀት ላይም ይጻፍልሽ። ሽፍታውንም አሁን ሳይጠፋ በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺው። ከዚያ በቀላል ቃል «ለሲያኖአክሪሌት የቁስል ሙጫ አለርጂ ይጠረጠራል» ተብሎ በካርዳቸው ላይ ይስፈር። «መድኃኒት አይስማማቸውም» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ማንንም አይጠቅምም።

ለአንቺ ደግሞ በሚቀጥለው የክትትል ቀጠሮሽ እንዲህ በይ፦ «ጥፍርና ሽፋሽፍት እሠራለሁ፣ ጣቶቼ ይቆጣሉ፣ እባካችሁ ቁስሌን በክር ዝጉልኝ፣ ሙጫም ሙጫ ያለበት መረብም አይሁን።» ይህ ለማንም የሚያስቸግር ልመና አይደለም። የወሊድ ኦፕራሲዮን በአብዛኛው ሆስፒታላችን በክር ነው የሚሰፋው። ምጥ ቀድሞ ቢመጣና አንቺ መናገር ባትችይ አጠገብሽ የሚሆነው ሰው ይህንኑ እንዲል አስጠኚው። እናትሽ ራሳቸው ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ አንገታቸውን ገልጠው ማሳየት ይችላሉ።